ለአብራሪነት ቃለ መጠይቅ መዘጋጀት

ቃለ መጠይቅ አንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ፈላጊውን ፊት ለፊት እየጠየቀ የሚመዝንበት ዘዴ ነው። ንጹሕ ልብስ መልበስና በሰዓቱ መገኘት ለማንኛውም አመልካች የሚነገር ስለ ሆነ እዚህ አናትትበትም። ለአየር መንገድ አብራሪነት የሚያመለክት ሰው ግን ከዕውቀቱ ሌላ አነጋገሩም ይመረመራል።

ምክንያቱን ለመረዳት የሚከተለውን አስተውሉ። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት፣ ጭጋግ በሸፈነው መንደርደሪያ ላይ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ከምክንያቶቹ አንዱ ቃል ነበር። የኔዘርላንዱ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ በሬዲዮ የተናገረው «በመነሣት ላይ ነን» ተብሎም፣ «መነሻው ላይ ቆመናል» ተብሎም ሊተረጎም ይችል ነበር። ተቆጣጣሪው ሁለተኛውን ወሰደ። የበረራ መሐንዲሱም «ያኛው አውሮፕላን አልወጣም እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ዋናው አብራሪ መውጣቱን በእርግጠኝነት ተናግሮ መንደርደሩን ቀጠለ።

ስለዚህ ከጠያቂዎቹ አንዱ «ዋናው አብራሪ ሲሳሳቱ ብታይ ምን ታደርጋለህ?» ቢል ሊያስደንቃችሁ አይገባም። «ለአለቃ መታዘዝ ይገባል» የሚለው መልስ ጨዋነት ቢመስልም ማን ምን እንደሚያደርግ አይገልጽም። «ያየሁትን ወዲያው እነግራቸዋለሁ፤ ካልሰሙኝ ደግሜ እናገራለሁ» የሚለው ግን ባለቤቱም ድርጊቱም የታወቀ ነው። ጥያቄው ካልገባችሁም «ይደገምልኝ» በሉ፤ በበረራ ላይ ይህ ግዴታ እንጂ ድክመት አይደለም።

መልመጃ፦ «ዋናው አብራሪ ለረዳቱ መሳሳቱን ነገረው።» የተሳሳተው ማን ነው? ሁለቱን ትርጉሞች ለይታችሁ፣ ለእያንዳንዱ አንድ የማያሻማ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።