ሜታዶን ለምን ቀስ ተብሎ ይጨመራል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ እዚህ ዋሽንግተን ከኦፒዮይድ ሱስ ለመላቀቅ ሜታዶን ጀምሯል። ጀርባውንም ክፉኛ ያመዋል። ሐኪሙ መጠኑን ለምን ቶሎ አይጨምርለትም?

መልስ፦ ሜታዶን ሕመም የሚያስታግሰው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ ከሰውነት ለመውጣት ግን ቀናት ይፈጅበታል። የዛሬው ሳያልቅ የነገው ይደረብበታል። ሰኞ ያነሰ የመሰለው መጠን ሐሙስ ትንፋሽን ሊያፍን ይችላል፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት አስጊ ናቸው። በራሱ እንዳይጨምር፣ ከአልኮልና ከእንቅልፍ ኪኒን ጋርም እንዳይወስደው አደራ። ሕመሙን ችሎ ይቀመጥ ማለቴ ግን አይደለም! ሱስ ያለበት ሰው ሕመምም ሕመም ነው። የቀኑ መጠን ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈልለት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ኦፒዮይድ ያፈነውን ትንፋሽ የሚመልሰው፣ በአፍንጫ የሚረጨው ናሎክሶን ቤታችሁ ይኑር፤ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ከረጩለት በኋላም 911 ይደውሉ፤ ሜታዶን ከናሎክሶን ይልቅ ረጅም ሰዓት ይቆያልና።