አረንጓዴው ሞገድ በከተሞች ወሰን ላይ ለምን ይሰበራል?

በአንድ ሰፊ ጎዳና የሚጓዝ አሽከርካሪ አራት አምስት የትራፊክ መብራቶችን ሳይቆም በአረንጓዴ ካለፈ በኋላ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ በቀይ ይያዛል። በማግስቱም እዚያው ይቆማል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ምክንያቱ ሳይገባው ያልፋል። መንገዱ አልጠበበም፤ የተሽከርካሪውም ብዛት ያው ነው። ልዩነቱ አምስተኛው መብራት የአንድ ከተማ፣ ስድስተኛው ደግሞ የጎረቤት ከተማ ንብረት መሆኑ ነው። ነገሩን ለመረዳት የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ይበቃል።

ሞገዱ እንዴት ይፈጠራል?

አንድ መብራት አረንጓዴ ከሆነበት ቅጽበት ተነሥቶ፣ በቢጫና በቀይ አልፎ፣ እንደገና አረንጓዴ እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜ «ዙር» ይባላል። «ሀ» እና «ለ» የተባሉ ሁለት ተከታታይ መብራቶች በ450 ሜትር ተራርቀው ይገኛሉ እንበል። ተሽከርካሪዎች በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 12.5 ሜትር ቢጓዙ ይህን ርቀት በ36 ሴኮንድ ይጨርሱታል። ስለዚህ «ለ» ከ«ሀ» 36 ሴኮንድ ዘግይቶ አረንጓዴ ቢሆን ከ«ሀ» የተነሣው የመኪኖች ሰልፍ ሳይቆም ያልፋል። ይህን የመነሻ ልዩነት በመንገዱ ላሉት መብራቶች ሁሉ አስልተን ብንሰጥ አረንጓዴው ከመኪኖቹ ጋር እኩል የሚጓዝ ሞገድ ይሆናል።

ተመላሾቹስ? የሁለቱም መብራቶች ዙር 90 ሴኮንድ ቢሆን፣ ከ«ለ» በ36ኛው ሴኮንድ የተነሣ መኪና «ሀ» ዘንድ በ72ኛው ሴኮንድ ይደርሳል፤ አረንጓዴው እስኪበራ ገና 18 ሴኮንድ ይቀረዋል። ዙሩን ወደ 72 ሴኮንድ ብናወርደው ግን ሂያጁም ተመላሹም ሳይቆሙ ያልፋሉ። የዙሩ ርዝመት፣ የመብራቶቹ ርቀትና የጉዞው ፍጥነት አንዱ ከሌላው ተነጥለው ሊወሰኑ እንደማይችሉ ከዚህ እንረዳለን።

ወሰኑ ላይ ምን ይደርሳል?

አሁን «ሀ» የሚገኝበት ከተማ 90 ሴኮንድ፣ «ለ» የሚገኝበት ደግሞ 100 ሴኮንድ ዙር መርጠዋል እንበል። የመጀመሪያው ሰልፍ «ለ» ዘንድ የሚደርሰው ልክ አረንጓዴው ሲበራ ነው። ሁለተኛው ሰልፍ ከ90 ሴኮንድ በኋላ ይደርሳል፤ አረንጓዴው ግን የሚመለሰው ከ100 ሴኮንድ በኋላ ስለሆነ 10 ሴኮንድ ይቆማል። ሦስተኛው 20፣ አራተኛው 30፣ አምስተኛው 40፣ ስድስተኛው 50 ሴኮንድ ይጠብቃሉ። የ«ለ» አረንጓዴ 45 ሴኮንድ የሚቆይ ከሆነ ሰባተኛው ሰልፍ መብራቱን አረንጓዴ ሆኖ ያገኘዋል፤ ነገር ግን የቀረው ጊዜ 5 ሴኮንድ ብቻ ነውና ጥቂት መኪኖች አልፈው ሌሎቹ ይቆረጣሉ። ሁለቱ መብራቶች እንደገና የሚገጥሙት በ90 እና በ100 ትንሹ የጋራ ብዜት፣ በ900 ሴኮንድ ነው። ሞገዱ ሙሉ ሆኖ የሚያልፈው በየ15 ደቂቃው አንዴ ብቻ ነው ማለት ነው። መንገዱን በብዙ ገንዘብ ማስፋት ይህን ስሌት አይለውጠውም።

ታዲያ ሁለቱ ከተሞች ለምን አንድ ዓይነት ዙር አይመርጡም? እያንዳንዱ ለራሱ የሚስማማውን የመረጠው በስንፍና አይደለም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ቀመር መሠረት የአንድ መስቀለኛ መንገድ ተስማሚ ዙር የሚገኘው፣ በየዙሩ መብራት ሲቀያየር የሚባክነውን ጊዜ በ1.5 አባዝቶ 5 በመጨመር፣ ውጤቱንም ከ1 ላይ የመስቀለኛ መንገዱ የጭነት መጠን ተቀንሶ ለሚቀረው ቁጥር በማካፈል ነው። የሚባክነው ጊዜ 10 ሴኮንድ ቢሆን፣ ጭነቱ 0.75 ለሆነ መገናኛ 80 ሴኮንድ፣ ጭነቱ 0.6 ለሆነው ደግሞ 50 ሴኮንድ ይወጣል። የተጨናነቀው ትልቅ ከተማ 80፣ ትንሹ ጎረቤቱ 50 ይሻሉ። ትንሹ ከተማ 80ን ቢቀበል፣ ከውስጥ መንገድ የሚወጣው ነዋሪና ጎዳናውን የሚያቋርጠው እግረኛ ለሌላ ከተማ ተጓዦች ሲባል ረዘም ያለ ጊዜ ቆመው ይጠብቃሉ። የድርድሩ እውነተኛ ጉዳይ ይኸው ነው፦ ማን ለማን ይጠብቅ? ስለ መንገድ ትብብር የሚጻፉ ብዙ ሰነዶች ይህን ጥያቄ ቢያልፉት ደስ የሚላቸው ይመስላል።

መሐንዲሶች አንድ መላ አላቸው። የትንሹ ከተማ መብራት በ80 ሴኮንድ ውስጥ ሁለት ዙር፣ እያንዳንዱን በ40 ሴኮንድ ይዙር። 40 ከ50 ብዙም አይርቅም፤ ጭነቱንም ይችላል፤ ሁለቱ ከተሞችም በየ80 ሴኮንዱ ይገጥማሉ። መላው የሚሠራው ግን አንዱ ለሌላው ዕቅዱን አስቀድሞ ሲያሳይ ነው።

የካንሳስ ሲቲ አካባቢ

በአሜሪካ የካንሳስ ሲቲ አካባቢ ከተሞች በሁለት ግዛቶች፣ በሚዙሪና በካንሳስ፣ ተከፍለው የሚገኙ ናቸው። ስቴት ላይን ሮድ የተባለው ጎዳና የግዛቶቹን ወሰን ተከትሎ ይሄዳል፤ በ75ኛው ጎዳና ከፕሬይሪ ቪሌጅ ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው ይህን ጎዳና ሲሻገር ከተማም፣ ግዛትም፣ ሕግም ይለውጣል። በዚህ አካባቢ ከ20 የሚበልጡ የመንግሥት አካላት የሚሳተፉበት «ኦፕሬሽን ግሪን ላይት» የተባለ ፕሮግራም አለ፤ የሚመራውም በከተሞቹ የጋራ ተቋም፣ በመካከለኛው አሜሪካ ክልላዊ ምክር ቤት ነው። መብራቶቹ የየባለቤቶቻቸው ንብረት እንደሆኑ ቀርተዋል። የጋራ የሆነው ወሰን ተሻጋሪ ጎዳናዎች የሚመሩበት የሰዓት ዕቅድ፣ መብራቶቹን የሚያገናኘው የመልእክት መረብና የማስኬጃው ወጪ ነው። ንብረትን ሳይሆን ጊዜን ብቻ የጋራ ማድረግ፣ በጸሐፊው አስተያየት፣ የዚህ አሠራር ብልህ ጎን ነው፤ ምክንያቱም ማንም ከተማ መብራቱን አሳልፎ እንዲሰጥ አይጠየቅም።

የመልእክት መረቡ ቅንጦት አይደለም። የአንዱ መብራት ሰዓት በቀን 2 ሴኮንድ ብቻ ቢዘገይ፣ በምሳሌያችን ያሰላነው የ36 ሴኮንድ ልዩነት በ18 ቀን ውስጥ ዜሮ ይሆናል፤ ሁለቱም መብራቶች በአንድ ቅጽበት አረንጓዴ ይሆኑና የሞገዱ ትርጉም ይጠፋል። ስለዚህ ሰዓቶቹ በመረብ ወይም በጂፒኤስ አማካይነት በየጊዜው መታረም አለባቸው።

አንባቢ ይህን በሚኖርበት ከተማ ሊፈትሸው ይችላል። ዙራቸው በቋሚ ጊዜ የተመደበ ሁለት ተከታታይ መብራቶች ይምረጡ፤ ከጓደኛ ጋር ሆነው የሁለት ሰዓቶችን ሴኮንድ ያስተካክሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ አረንጓዴ የበራበትን ቅጽበት ለአሥር ዙር ይመዝግቡ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ካልተለወጠ መብራቶቹ በአንድ ዙር ይመራሉ። በየዙሩ በእኩል መጠን ከጨመረ ወይም ከቀነሰ ዙሮቻቸው የተለያዩ ናቸው። በአንድ ቀን ውስጥ ጸንቶ ቆይቶ ከሳምንት በኋላ ሲለኩት ተለውጦ ከተገኘ ግን፣ ዕቅዱ ካልተቀየረ በቀር፣ ሰዓታቸውን የሚያርም የለም።