ጥለቱ ወደ ነጩ እንዳይለቅ

ልጄ፣ አምቦ ቤት ተከራይተህ ለብቻህ መኖር ስለጀመርክ ልብስህን የምታጥበው አንተው ነህ። ለጥምቀትም ለኢሬቻም የምትለብሰው ነጭ ልብስ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የደከመበት ነው፤ በአንድ እጥበት እንዲበላሽ አልፈልግምና እነዚህን ያዝልኝ።

1. አዲስ ቀለም አትመን። ክር ሲቀለም ሳይያያዝ የተረፈ ቀለም ይኖራል። አቅላሚው በደንብ አለቅልቆ ካላወጣው፣ አንተ ሳፋ ውስጥ ይወጣል። ቀይ፣ ጥቁርና አዲስ ጂንስ በዚህ ይታወቃሉ። በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ለብቻቸው እጠባቸው።

2. ሳታጥብ ሞክር። ነጭ ጨርቅ በሳሙና ውሃ አርጥበህ በማይታየው የጥለቱ ጠርዝ ላይ ጫን አድርገህ ያዝ። ጨርቁ ቀለም ካነሳ ልብሱ ይለቃል።

3. ጥለት ያለበትን አትዘፍዝፍ። ነጩንና ቀለሙን መለየት ስለማትችል መፍትሔው ቀዝቃዛ ውሃና ፍጥነት ነው። ሙቅ ውሃ ቀለሙን ከክሩ ያላቅቃል፤ መዘፍዘፍ ደግሞ የወጣው ቀለም ነጩ ላይ እንዲያርፍ ጊዜ ይሰጠዋል። ዱቄት ሳሙናውን አስቀድመህ አሟሟው፣ ከዚያ ልብሱን አስገባ፣ አሸት አሸት አድርገህ ቶሎ አውጣ።

4. ውሃህን እወቅ። የአምቦ ውሃ በጠርሙስ ሲጠጣ የሚወደድበት ማዕድን ለእጥበት አይመችም፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ የሳሙና አረፋ አያስነሳም። የጉድጓድ ውሃ ደርሶህ አረፋ እምቢ ካለህ ሳሙና ጨምር እንጂ ልብሱን አታቆየው።

5. ውሃው እስኪጠራ አለቅልቅ፤ ከዚያ ሳትጠመዝዝ ጨምቀው። እርጥቡን አጥፈህ አታስቀምጥ። የነጠላውን መሐል ገመዱ ላይ አድርገህ ሁለቱን ጥለቶች ወደ ታች ልቀቃቸው፤ የሚንጠባጠበው ነጩን አይነካም። ፀሐይ ቀለም ስለሚያደበዝዝ ጥላ ምረጥ።

6. ጨውና አቼቶ ቀለም ያጸናሉ ሲሉህ አትታለል። አቼቶ የሚረዳው ሱፍና ሐር በሚቀለሙባቸው ቀለሞች ነው፤ ተሸምኖ ያለቀ የጥጥ ጥለት ላይ አያጸናም።

7. በረኪና ጥለት አታስነካ፤ ቀለሙን ይበላዋል። ከአቼቶ ጋርማ ፈጽሞ እንዳትቀላቅለው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

8. ቀለም ገብቶበት ካገኘኸው አታድርቀው፣ አትተኩሰው። እርጥብ እንዳለ ወደ ቀዝቃዛ የሳሙና ውሃ መልሰው፤ ውሃውን ደጋግመህ ቀይር። ከደረቀና ከተተኮሰ በኋላ ማስለቀቅ ይከብዳል።

9. እጣቢውን ሁሉቃ ወንዝ ውስጥ አትድፋ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል መድኃኒት ያገኘው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ለእኛ ግን ሌላም ትምህርት አለው፤ ላይ የታጠበበት ነገር ታች ያለውን ፍጡር ይደርሰዋል። በረኪናና ቀለምም እንደዚያው ናቸው።

ሁሉንም መያዝ ቢያቅትህ ሦስተኛውን አትርሳ፤ ጥለት ያለውን ልብስ ውሃ ውስጥ ትተህ ወደ ሌላ ሥራ አትሂድ። ጊዜ ከሌለህ ሳታነካካው ለሌላ ቀን አቆየው።