የመሮና የመላጊያ ስለት እንዳይንጋደድ

የእንጨት ሥራ የተከበረ ሙያ ነው፤ ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጺ እንደነበሩ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ለየቲም ልጅ መሮና መላጊያ መስጠትም የዕለት እንጀራውን በእጁ ማስያዝ ነው። ሆኖም አሳሳሉን ያልተማረ ልጅ መሣሪያውን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ዛሬ ስለቱ ሳይንጋደድ እንዴት እንደሚሳል እንመለከታለን።

በከሚሴ ከተማ ሙያውን ይማር የነበረ አንድ ልጅ እናስታውሳለን። ለበር ማጋጠሚያ የሚፈለፍለው ቀዳዳ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ይጠልቅ ስለነበር፣ «እጁ አልታዘዘለትም» ተባለ፤ ልጁም ሙያውን ሊተው ተቃረበ። ስኳድራ በመሮው ላይ ሲደረግ ግን ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የስለቱ ሆኖ ተገኘ። የሚስልበትም ድንጋይ መሐሉ እንደ ገበቴ ጎድጉዶ ነበር።

የመሮ ስለት ከጎኑ ጋር 90 ዲግሪ መሥራት አለበት። ከተንጋደደ አንዱ ጫፍ ቀድሞ ስለሚገባ መሮው ወደ ጎን ይስባል፤ የቀዳዳው ወለልም ይዘነበላል። ፒያላ በምንለው መላጊያ ላይ ደግሞ ምላጩ በአንድ ጫፉ እየጠለቀ እንጨቱን ይቦረቡራል። የቁርኣን ተማሪ የሚጽፍበት ሉሕ በእንዲህ ያለ ምላጭ ቢላግ፣ ቦዩ ብዕሩን ይይዘዋል። የመላጊያ ምላጭ ጥቂት ቢንጋደድ በማቀፊያው ውስጥ በማዘንበል ይስተካከላል፤ መሮ ግን ይህ ዕድል የለውም።

የመንጋደድ ምክንያቶች በዋናነት ሁለት ናቸው፦ የጣቶች ጫና አለመመጣጠንና የድንጋዩ መጎድጎድ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ድንጋዩን ማስተካከል። በድንጋዩ ላይ በእርሳስ መስመሮችን አስምሩ። ውኃ የሚችል የብርጭቆ ወረቀት በወፍራም መስታወት ላይ ዘርግታችሁ፣ መስመሮቹ ሁሉ እስኪጠፉ ድረስ ድንጋዩን ፈግፍጉት።

ሁለተኛ፣ ጀርባውን ማለስለስ። የስለቱ ጀርባ በድንጋዩ ላይ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ይፈገፈግ፤ ፈጽሞ ከፍ አይበል።

ሦስተኛ፣ ሰያፉን ገጽ መሳል። ሰያፉ በ25 ዲግሪ ገደማ ይወጣል፤ የስለቱ ጫፍ ብቻ በ30 ዲግሪ ገደማ ይሳላል። ሁለት ጣቶች በስለቱ ቀኝና ግራ ተቀምጠው እኩል ይጫኑ። ጠባብ መሮ በቀላሉ ስለሚዋዥቅ ጫናው ቀለል ይበል። በድንጋዩ መሐል ብቻ ሳይሆን በሙሉ ገጹ ሳሉ።

አራተኛ፣ በየጥቂቱ መመርመር። ስኳድራውን በመሮው ጎን አስደግፋችሁ ወደ ብርሃን ተመልከቱ። ብርሃን በአንድ ጫፍ በኩል ካለፈ ያ ጫፍ ይበልጥ ተበልቷል፤ በሌላው ጫፍ ላይ ጫን ብላችሁ ሳሉ። ጎኖቹ ወደ ጫፉ የሚጠቡ መሮ ከሆነ ከሁለቱም ወገን ለኩት፤ ክፍተቱ እኩል ከሆነ ስለቱ ቀጥ ብሏል።

አምስተኛ፣ ማጠናቀቅ። በጀርባው በኩል ጣት ሲዳስሰው የሚይዝ ስስ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ሲወጣ ስለቱ እኩል ተስሏል ማለት ነው። በአንድ ወገን ብቻ ከወጣ ጫናው እኩል አልነበረም። ጠርዙን ጀርባውን በማስተኛት፣ ቀጥሎም በቆዳ አጥፉት።

እጅግ የተንጋደደ ከሆነ በጀርባው ላይ በስኳድራ መስመር አስምሩ፤ ስለቱን እስከ መስመሩ ከሞረዳችሁ በኋላ ሰያፉን እንደገና አውጡ። በግራይንደር ከሆነ ብረቱን ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ሰማያዊ ከመሰለ ጥንካሬውን አጥቷል።

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ የተሞረደ ብረት ተመልሶ አይመጣም። እያንዳንዱ መንጋደድ ሲታረም ከልጁ መሣሪያ ዕድሜ ይቀነሳል። ስለዚህ ልጁን «ተሳለ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «በስኳድራ ታየ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። መሣሪያ የምትለግሱ ወገኖችም ከመሮው ጋር መሳያ ድንጋይና ስኳድራ ጨምሩ። ያ የከሚሴው ልጅ ድንጋዩ ሲስተካከልለት የበሩ መጋጠሚያ ገጥሞለታል፤ «እጁ አልታዘዘለትም» ያሉትም ዝም ብለዋል።

አላህ የልጆቻችንን እጅ ለመልካም ሥራ ያግራልን። ወላሁ አዕለም።