ወረቀቱን አስቀምጪና የእናትሽን እጅ ያዢ

ልጄ፣ የእናትሽን የደም ቅባት ምርመራ ልከሽ «ኮሌስትሮሏ ዝቅ ብሏል፤ እንግዲህ ስለ ልቧ መስጋት የለብኝም አይደል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ነርስ ሆኜ ያረጀሁ ሰው ነኝና በደንብ ልመልስልሽ። እናትሽም እኔም ዕድሜያችን ሰባውን አልፏል፤ የምነግርሽ ለእኔም የሚሠራውን ነው።

1. የኮሌስትሮል ማነስ የልብ ምት ዋስትና አይደለም። ቅባት በዋናነት የሚጎዳው የደም ሥርን ነው፤ ግድግዳው ላይ እየተጋገረ ያጠበዋል። የምት መዛባት ራሱን የቻለ ሕመም ነው። በአረጋውያን ላይ በብዛት የሚታየውን ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተሩን ትተው ይርገበገባሉ፤ ደሙ በግራ በኩል ባለች ትንሽ ኪስ ውስጥ ተኝቶ ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ አንጎል ሲደርስ ስትሮክ ይሆናል። በአሜሪካ የፍራሚንግሃም ከተማን ነዋሪዎች ለብዙ ዓመታት የተከታተለው ጥናት ይህ ችግር ያለበት ሰው በስትሮክ የመመታት ዕድሉ 5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል።

ግራ የሚያጋባው ቀጥሎ ያለው ነው። ብዙ ሺህ ሰዎችን በተከታተሉ ጥናቶች ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸውና «መጥፎው ኮሌስትሮል» የሚባለው ኤልዲኤላቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ ይህ የምት መዛባት በርክቶ ሳይሆን አንሶ ተገኝቷል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባታቸው ከፍ፣ «ደጉ ኮሌስትሮል» የሚባለው ኤችዲኤላቸው ዝቅ ያለባቸው ላይ ደግሞ በዝቶ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። ይህን ሰምቶ «ቅቤ ልብን ያረጋጋል» የሚል ሰው ቢያጋጥምሽ አትስሚው። ኤልዲኤል ከፍ ያለበት ሰው በልብ ደም ሥር መዘጋትና በስትሮክ የሚጠቃበት መንገድ ሌላ ነው፤ ሐኪም ያዘዘላት የኮሌስትሮል ክኒን ካለ በዚህ ወሬ አይቋረጥም።

ዝቅ ያለ ኮሌስትሮል አንዳንዴ ሌላ ሕመም ያመጣው ነው። በአንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ኮሌስትሮልን ያወርዳል፤ በዚያው ጊዜ ልብን ያስሮጣል፣ ምቱንም ያዛባል። እንቅርት ብዙ እናቶችን ይዞ በኖረበት አገራችን ይህ ሊረሳ አይገባም። እናትሽ ምግቧን ሳትቀንስ ከከሳች፣ እጇ ከተንቀጠቀጠ፣ ሙቀት አልችል ካለች፣ ኮሌስትሮሏም ያለ ምክንያት ከወረደ፣ የታይሮይድ ምርመራ እንዲታዘዝላት ጠይቂ። ሽማግሌ ላይ የመክሳቱ ነገር «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

2. እጇን ያዢ። 5 ደቂቃ አረፍ ብላ ትቀመጥ። ሦስት ጣቶችሽን በእጅ አንጓዋ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር አሳርፊ፤ በራስሽ አውራ ጣት አትዳስሺ፣ የራስሽን ምት ልትቆጥሪ ትችያለሽና። ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሪ። ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የተዛባውን ምት ይደብቃል። ደህና ምት እኩል እየተራመደ ይሄዳል፤ አንዳንዴ አንድ ምት ቢዘል ብዙም አያስደነግጥም። ፊብሪሌሽን ያለበት ግን ምንም ሥርዓት አይገኝለትም፤ ሁለቱ ይፈጥናሉ፣ አንዱ ይዘገያል፣ ቀጣዩ ይደክማል፣ መቼ እንደሚመጣ መገመት አይቻልም። እንዲህ ሆኖ ካገኘሽው የሚያረጋግጠው የልብን ምት የሚመዘግበው ምርመራ፣ ኢሲጂ ነው፤ አጭር ነው፣ አያምም። የምት መዛባቱ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ አንድ ደህና የወጣ ኢሲጂ ነገሩን አይዘጋውም፤ «ልቤ ይርገበገባል» ባለችሽ ሰዓት እንደገና ይነሣላት። ብዙዎቹ ደግሞ ምንም አይሰማቸውም። በሌሎች አገሮች በተደረጉ ቆጠራዎች ከ80 ዓመት በላይ ካሉት ከ10 ሰው 1 ገደማ ይህ አለበት፤ እጃቸውን ሳያስይዙ የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

3. በየካ በኩል ስታልፊ የምኒልክ ሆስፒታልን ታያለሽ። ስሙን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት በመጨረሻ ዘመናቸው በስትሮክ ተጎድተው ነበር። ከሁሉ የከበደው በጥቅምት 1902 ዓ.ም. መታቸው፤ ከዚያ በኋላ መንግሥቱን በራሳቸው ሊመሩ አልቻሉም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። በዚያው በ1902 ኅዳር ላይ ለንደን ውስጥ ቶማስ ሉዊስ የተባለ ሐኪም ይህ የላይኛው ልብ መርገብገብ በሰዎች ላይ በብዛት ያለ ሕመም መሆኑን በኢሲጂ አሳይቶ ጻፈ። የምኒልክን ልብ የሚያነብ እንዲህ ያለ መሣሪያ ያኔ አገራችን አልነበረም። ዛሬ መሣሪያው በእናትሽ ደጃፍ አካባቢ አለ፤ ሊታለፍ አይገባም።

4. የደም ግፊቷን ለኪ። ለዚህ የልብ ሕመም ከቅባት ይልቅ የሚከፋው ያልታከመ ግፊት ነው፤ የላይኛው የልብ ክፍል ለዓመታት ሲጫነው ይለጠጣል። ምቱ የተዛባ ሰው በመሣሪያ ሲለካ ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ ሦስት ጊዜ ለክተሽ መካከለኛውን ጻፊ።

5. የጾም ፍቺ ቀን ተጠንቀቂላት። ሁዳዴን በምስርና በጎመን ያሳለፈች እናት በፋሲካ ጠዋት ዶሮ፣ ክትፎ፣ ጠላና ጠጅ በአንድ ላይ ሲገባባት ሰውነቷ ይደነግጣል። ከመጠጥ በኋላ ልብ የሚዛባበትን ነገር የአሜሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1978 «የበዓል ልብ» ብለው ጽፈውበታል፤ ለእኛ ለበዓል አክባሪዎች የተጻፈ ይመስላል። መጠጡን ከልክያት፣ ዶሮውን ቀንሺላት፣ ጾሟን ግን አታስጥያት፤ ለብዙዎቻችን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከቅቤ የሚያርቀን እሱ ነው። የጾም ምግብ የሚበላሸው በዘይቱ ነው። በእንጦጦ ግርጌ ጠዋት ብርዱ ሲበረታ ጠርሙስ ውስጥ የሚረጋው ዘይት ፓልም ነው፤ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ ያለ ቅባት ነው። ከሾላ ገበያ ስትገዢ አቅምሽ ከቻለ ኑግ ወይም ሱፍ ምረጪ። ትራይግሊሰራይዷ ከፍ ካለ ደግሞ ስኳር፣ ለስላሳና ቦምቦሊኖ ናቸው የሚቀነሱት። ቡናዋን አትንፈጊያት፤ ቡና ይህን የምት መዛባት ያመጣል የሚለው አልተረጋገጠም። በጀበና የሚፈላው ያልተጣራ ቡና ኤልዲኤልን ትንሽ ከፍ ስለሚያደርግ በአቦል ብታበቃ አይጎዳትም።

6. ከውጭ የሚመጣውን የዓሣ ዘይት እንክብል ሐኪም ሳትጠይቂ አትስጫት። ወንድምሽ ከዋሽንግተን በፍቅር የላከው መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታወቀ፣ ከ13,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በቀን 4 ግራም ከወሰዱት 2.2 በመቶው ላይ፣ ካልወሰዱት 1.3 በመቶው ላይ አዲስ የልብ ምት መዛባት አገኘ፤ ልብንም አልጠበቀላቸውም። ትራይግሊሰራይድን የሚያወርድ ነገር ምትን ሊያናጋ መቻሉ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። መጠኑ ሲያንስ ጉዳቱም ያንሳል፤ ቢሆንም ያለ ሐኪም የሚወሰድ አይደለም። ለወንድምሽ ደውዪና ለዚያ የሚያወጣውን ገንዘብ ለግፊት መለኪያ ያድርገው።

7. ምቷ የተዛባ ሆኖ ከተገኘና ሐኪሙ ደም ማቅጠኛ ካዘዘላት፣ በአስፒሪን አትቀይሪው፤ አስፒሪን በዚህ ሕመም ስትሮክን እንደሱ አይከላከልም፣ ያደማል ግን። መድኃኒቱ ዋርፋሪን ከሆነ አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ በቀጠሮው ይደረግ፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። ጎመን መብላቷን አታቁሚ፤ የሚያስቸግረው አንድ ሳምንት በብዛት፣ ሌላ ሳምንት ጭራሽ መተው ነው። በልጅነቷ የቁርጥማት ትኩሳት የልብ ክዳኗን ጎድቶ አጥብቦት ከሆነ፣ ይህም በእኛ አገር ብዙ ነው፣ አዲሶቹ መድኃኒቶች ዋርፋሪንን አይተኩላትም፤ ውድ ስለሆኑ ብቻ ይሻላሉ ብለሽ አትለዋውጪ።

ጸበልዋንም አትከልክያት። እንጦጦ ማርያም ወጥታ ትጠመቅ፣ ትጸልይ፤ እኔም እሄዳለሁ። መድኃኒቷን ግን በቦርሳዋ ይዛ ትሂድ። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ብዙዎች እንጦጦ ላይ ጸበል ብቻ ብለው ክኒኑን ሲተዉ፣ ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው እንደሚወሰዱ ተናግረው ነበር። ያ ምክር ለልብ መድኃኒትም ይሠራል። ለሱባዔ ስትገባ የምትወስደውን ክኒን በሰዓቱ የሚያስታውሳት ሰው አብሯት ይኑር።

8. በየቀኑ ትራመድ። ፈጥኖ ሳይሆን እያወሩ መሄድ የሚቻልበት እርምጃ ለአረጋውያን ይህን የልብ ሕመም እንደሚቀንስ ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውብ ነው፤ ነገር ግን ከ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ዳገት ለጀማሪ ሽማግሌ ይከብዳል። በሰፈር ሜዳ ሜዳውን ትጀምር። ስትሄድ ደረቷን ካመማት ወይም ዓይኗ ከጨለመባት ትቁም፣ በዚያው ቀን ትታይ።

9. ፊቷ በአንድ ወገን ከወደቀ፣ አንድ እጇ አልነሣም ካለ ወይም ንግግሯ ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ «ምች ነው፣ ነፋስ መታት» የሚል ጎረቤት ሲከብሽ ጊዜ አትስጪው። ደህና ሆና ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻትን ሰዓት ጻፊ። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ባለበት ሆስፒታል የሚሠራው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው። በ907 አምቡላንስ ጥሪ፤ ከዘገየ በተገኘው መኪና ውሰጃት። ምንም አታጉርሻት፣ አታጠጫት፤ መዋጥ አቅቷት ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ያዢ፤ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ በር ላይ ላገኘሽው የመጀመሪያ ነርስ ይህን ንገሪ።