ምዕራፍ 7፦ አዲስ ዶሮ ሲገባ

ፋሲካ ሲያልፍ የብዙ ቤት ቆጥ ይሳሳል። ከሐሙሲት ጀምሮ ወረታንና ደብረ ታቦርን ይዞ እስከ ጋይንት፣ አምስት ስድስት ዶሮ የነበራት እናት በበዓሉ ማግስት ሁለት ወይም ሦስት ይቀሯታል። ቀጥሎ የሚታሰበው ከገበያ ሁለት ቄብ ገዝቶ መቀላቀል ነው። ያን ጊዜ ሁሉም የሚፈራው ጠቡን ነው፤ ነባሮቹ እንግዶቹን ይነቁራሉ፣ ላባ ይነጫሉ፣ ከጥሬው ያባርራሉ። ለጊዜው ጠቡን ይተዉት። ቆጡን ባዶ የሚያስቀረው ፈንግል ነው።

ፈንግል በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1926 ከታየባት የእንግሊዝ ከተማ ስም ተሰጥቶት የኒውካስል በሽታ ተብሎ ነው። ተንኮሉ መዘግየቱ ላይ ነው። የተያዘች ዶሮ ምልክት ሳታሳይ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ትቆያለች። ገበያ ላይ ሲያዩዋት ዓይኗ ጥርት ያለ፣ ላባዋ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ፈንግል መንደር ሲገባ ሰው የተረፉትን ሳይሞቱበት ለመሸጥ ይሮጣል። ክረምት ሲቃረብ ከወትሮው የረከሰች ዶሮ ካጋጠመችዎ ለምን እንደረከሰች ይጠይቁ።

ስለዚህ እንግዳዋ ለብቻዋ ትቆይ፤ ቢቻል አንድ ወር፣ ካልተቻለም ከሁለት ሳምንት አያንስ። የተለየ ክፍል ከየት ይመጣል ይሉ ይሆናል። እዚያው ማድ ቤት እንቅብ ደፍቶባት ማሳደር መለየት አይደለም፤ አቧራውም አየሩም የጋራ ነው። ዶሮ የሌለው ጎረቤት ወይም ዘመድ ካለ ደጁን ይለምኑ፤ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ከራስዎ ግቢ ከሆነ ደግሞ በሩቁ ጥግ፣ ነፋስና ዝናብ በማያገኘው ቦታ ይሁን፤ የደብረ ታቦር ሌሊት በሳጥን ውስጥ ያለች ዶሮን ይጎዳል። የውኃ ዕቃዋ የራሷ ይሁን። ጠዋት መጀመሪያ ነባሮቹን፣ በመጨረሻ እሷን ይመግቡ፤ ከዚያ እጅዎን ይታጠቡ፣ ጫማዎንም ይቀይሩ። በሽታው በኩስ ስለሚተላለፍ በጫማ ሶልም ይጓዛል።

በእነዚህ ቀናት ክንፏን ገልጠው ቅማል ይፈልጉ። የእግሯ ቅርፊት ተነስቶ ከታየ ተባይ ስላለ ቫዝሊን ደጋግመው ይቀቡት። አረንጓዴ ኩስ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንገት መጣመም ካዩ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ፤ የሞተችውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩ እንጂ ለውሻ አይጣሉ።

ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው፣ ቢሾፍቱም ይመረታል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑ ነው፤ ከተበጠበጠ ደግሞ ለነገ አይተርፍም። ለሦስት ዶሮ ብልቃጥ የሚከፍት የለምና ጎረቤት ይሰብስቡ፤ ዕድሩ ካሰበበት ከባድ አይደለም። በውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ይገድለዋል። መከላከያው እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ሙቀት የሚቋቋመው ዓይነት በየአራት ወሩ ይደገማል።

የ45 ቀን የውጭ ዝርያ፣ ሳሶ ወይም ቦቫንስ፣ የሚገዙ ከሆነ አደጋው ይገለበጣል። ምን ክትባት መቼ እንደወሰዱ ሻጩን ይጠይቁ። በመኖና በደረቅ ወለል ያደጉ ናቸውና የሐበሻ ዶሮዎ የለመደችው የግቢ ተባይ ደም ያስቀምጣቸዋል። ቁመታቸው ከነባሮቹ እስኪቀራረብ ለብቻቸው በደረቅ ቦታ ይደጉ።

ወደ ጠቡ እንመለስ። ዶሮዎች የበላይና የበታች እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው ኖርዌያዊው ሽየልደሩፕ ኤበ ነው። ዶሮ አርቢ እናቶቻችን ሳይጽፉት ያውቁታል። አንዲት ብቻዋን አያስገቡ፤ ሁሉም እሷን ይነቁራሉ። መጀመሪያ በሽቦ ወይም በቀርከሃ አጥር ለጥቂት ቀን ይተያዩ፤ ከዚያ ሲመሽ ቆጥ ላይ ያስቀምጧቸው፣ በማግስቱም ማለዳ ከአጠገባቸው አይራቁ። መመገቢያው ሁለት ቦታ ይሁን። የደማች ካለች ወዲያው ያውጧት፤ ቀይ ያየ ሁሉ ይነቁራታል። ጉልበተኛዋ አልበርድ ካለች ደግሞ ለጥቂት ቀን እሷን ለይተው ያቆዩ፤ ስትመለስ እንግዳ ትሆናለች።

በመሃሉ እንቁላል ይቀንሳል። ሁለት ሳምንት አልፎ ካልተመለሰ ግን ጥፋቱን በጠቡ አያሳብቡ፤ ኩሳቸውን ይዩና ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይሂዱ።