ቤት ለምትሠራው ልጄ፣ ስለ ፍሳሽ

ልጄ፣ መሠረት ልታወጣ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ስለ ሴራሚኩና ስለ ጂፕሰሙ ብዙ አወራኸኝ፤ ስለ ፍሳሹ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስክም። አርባ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ቧንቧ ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝና ረጋ ብለህ ስማኝ።

1. ፍሳሽህን ከዝናብ ቦይ ጋር አታገናኝ። መንገድ ዳር ያለው ቦይ የተቆፈረው ለዝናብ ነው፤ የገባበትን ሁሉ ሳያጣራ ወንዝ ውስጥ ይደፋዋል። ሠራተኛህ «ለጊዜው ቦዩ ላይ እንልቀቀውና በኋላ እናስተካክለዋለን» ቢልህ እሺ እንዳትል። በወጣትነቴ አንድ ባለቤት እንዲሁ ብሎኝ አራት ሜትር ቱቦ ቀጠልኩለት፤ ግማሽ ቀንም አልፈጀብኝ። በዓመቱ በቀበና ድልድይ ሳልፍ ቁልቁል አየሁ። ቦዩ ከግንቡ ሥር ይወጣል፤ ውሃው ጠቁሮ፣ አረፋ ይዞ ይወርዳል። አሥር እርምጃ ዝቅ ብሎ አንዲት እናት የሕፃን ልብስ ታጥባለች። ባለቤቱን ሄጄ ብለምነው «አሁን ማን ያፈርሰዋል?» አለኝ። ያ ቱቦ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለጊዜው ተብሎ የተቀበረ ቱቦ ከባለቤቱ ዕድሜ ይበልጣል።

2. በሰፈርህ የፍሳሽ መስመር ካለ ከፍለህ ተቀጠል። ቃሊቲ ያለው ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ ተስፋፍቷል፤ ግን መስመር ያልደረሰበት ሰፈር ብዙ ነው። ከሌለ ሴፕቲክ ታንክህን አሳምረህ ሥራ። ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ መሐል ያለው ውሃ ወደ ማስረጊያው ያልፋል። ዝቃጩ ከበዛ ግን ለመዝቀጥ ቦታ ስለማያገኝ ቆሻሻው እንዳለ ይወጣል። ስለዚህ በጊዜው አስመጥጥ። መክደኛውንም መጣጭ መኪና የሚደርስበት ቦታ አድርገው፤ ሳሎን ሥር ቀብረውት ሴራሚክ ሲሰብሩ ያየኋቸው ጥቂት አይደሉም።

3. ክረምትን ተገን አታድርግ። ሌሊት ዝናብ ሲወርድ ታንኩን ከፍቶ ጎርፍ ላይ የሚለቅ አለ፤ ውሃው ይዞት ሄደ ብሎ ይተኛል። የሄደው ግን ታች ሰፈር፣ በወንዙ ዳር ጎርፍ ወደሚገባበት ቤት ነው። ድህነቱ ሳያንሰው የሰው እዳሪ አትጨምርበት።

4. የጥብስ ዘይት ማጠቢያ ውስጥ አትድፋ። ሲቀዘቅዝ እንደ ሻማ ይረጋል፤ ዳይፐርና ጨርቅ ከተጨመረበት ማንሆሉ ወደ መንገድ ይገነፍላል።

5. ውሃህ የት እንደሚደርስ እወቅ። ይህን ከሁሉ አብልጠህ ያዝልኝ። ቀበና ትልቁ አቃቂን ይቀላቀላል፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። እዚያ እምቦጭ ከሳሙናውና ከእዳሪው እየተመገበ ይሰፋል። ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ፤ ከቆቃ በታች ደግሞ የአዳማ ሰው የሚጠጣውን ከአዋሽ ይቀዳል። አዋሽ ባሕር አይገባም፤ አፋር ምድር ወርዶ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የጨመርንበትን ሁሉ አገር ውስጥ ይዞት ይቀራል ማለት ነው። ሩቅ አትሂድ፤ በአቃቂ ዳር የሚለማው ቆስጣና ሰላጣ የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል፤ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም ቅጠሉ ውስጥ ከገባ ደግሞ ማጠብ አያወጣውም። ገበሬውን አትውቀስ፤ ሌላ ውሃ የለውም።

6. ቱቦው ሳይሸፈን በዓይንህ እይ። በየሜትሩ ሁለት ሳንቲም ያህል ካልተዳፋ ደረቁ እየቀረ ይደፈናል። አፈር ከመመለሱ በፊት ደውልልኝ፤ ውሃ ልኬን ይዤ እመጣለሁ።